ክፉ ፕላይውድን ኢፖክሲ አያድነውም

ጥያቄው ከባህር ዳር ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «29 ዓመቴ ነው፤ የቤት ዕቃ አናጺ ነኝ። 4 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ በፕላይውድና በኢፖክሲ ለራሴ ልሠራ ነው። ለዓሣ ማጥመድ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ባለቤቴንና ልጄን ጣና ላይ ለማንሸራሸር። ጠንካራ እንድትሆን ብዬ ባለ 12 ሚሊ የቤት ዕቃ ፕላይውድ አስቤያለሁ። ኢፖክሲ ስለምቀባው ውኃ አይገባውም ብዬ ነው። ኢፖክሲውም እጄ ላይ አለ፤ ለጠረጴዛ በወፍራሙ የምናፈሰው ዓይነት ነው። ጓደኛዬ ግን ‹ኢፖክሲ ውድ ነው፤ የመኪና ቦዲ የሚጠገንበትን ፋይበር ተጠቀም› ይለኛል። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተርም በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ይመክሩኛል? ስንት ዓመትስ ትቆየኛለች?»

ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ሲቀላቀል የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) የተቀባ ፕላይውድ ውኃ አይገባውም የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ጀልባ የሚያበላሸው ቀሪው ግማሽ ነው። ሦስት እጅ በሥርዓት የተቀባ ኢፖክሲ እርጥበትን በጣም ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አይከለክለውም። የሦስቱ እጅ ውፍረት ተደምሮ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ጀልባዋን ጠጠር ላይ ስትጎትታት ይጫራል። መልሕቅ ሲወድቅበት ይሰነጠቃል። ብሎን ስታስገባ ይበሳል። በዚያች ጭረት የገባው ውኃ ዙሪያውን በኢፖክሲ ስለታጠረ በቀላሉ አይወጣም። ያልተቀባ እንጨት ቢርስ ፀሐይ ሲያገኝ ይደርቃል። የተሸፈነ እንጨት ግን አንዴ ከራሰ ርሶ ይቀመጣል።

የቤት ዕቃ ፕላይውድ ጉዱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ንብርብሮቹን የሚያጣብቀው ብዙውን ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ሙጫ ነው። ለቁም ሣጥን ምንም አይልም። ሁልጊዜ እርጥበት ካገኘው ግን ይለቃል። እኔም የመጀመሪያዋን ጀልባዬን የሠራሁት እንዳንተው በቤት ዕቃ ፕላይውድ ነበር። ፋይበር ግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) አልብሼ፣ ቀለም ቀብቼ፣ መስታወት አስመስያት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል እብጠት አየሁ። በአውራ ጣቴ ስጫናት ወደ ውስጥ ገባችና መልሳ ብቅ አለች። በቢላ ስከፍታት ጥቁር ውኃ ፈሰሰ። ከሥር ያለው እንጨት እንደ ራሰ ካርቶን ቅጠል በቅጠል ተላቆ ነበር። ላይ ያለው ኢፖክሲ ግን አንድም ነገር አልሆነም፤ አሁንም ያብረቀርቃል። ያን ቀን ነው ገንዘቤን የት ማውጣት እንደነበረብኝ የገባኝ።

ሐይቅ ደግሞ ከባሕር ይብሳል። ሰው ተቃራኒውን ነው የሚገምተው። የባሕር ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ያዳክመዋል። ጣና ጨው የለውም። ከሁሉ የከፋው ከታች ያለው የሐይቁ ውኃ እንዳይመስልህ። ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ቀና ብላ የቆመች ጀልባ ጥጎቿ ውስጥ ዝናብ እያጠራቀመች ትከርማለች። ብስባሹ የሚጀምረው ከውስጥ፣ ማንም ከማያየው ጥግ ነው።

እና ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት ትለያለህ? ሻጩ «ማሪን ነው» ስላለህ አትመን። «ማሪን» የሚለው ቃል ማንም የሚለው ቃል ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው የጀልባ ፕላይውድ ደረጃ ቢ ኤስ 1088 ይባላል፤ ሉሁ ላይ ማኅተሙ ሊኖር ይገባል። አብዛኛው ከኦኩሜ ወይም ከሜራንቲ እንጨት ነው የሚሠራው። ማኅተም ያለው ካላገኘህ ድስት ጣድ። ልትገዛው ካሰብከው ሉህ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምነህ ውሰድ። 4 ሰዓት ቀቅላት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አድርቃት። እንደገና 4 ሰዓት ቀቅላት። ከዚያ በስል ቢላ ንብርብሮቹን ለመፈልቀቅ ሞክር። ሙጫው መስመር ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ለጀልባ አይሆንም። ሙጫው ይዞ እንጨቱ ራሱ ከተሰነጠረ ግን ሙጫው ደህና ነው። ይህ ፈተና የሚነግርህ ስለ ሙጫው ብቻ ነው። ስለ ውስጡ ለማወቅ ጠርዙን በመላጊያ አስተካክለህ ዙሪያውን ተመልከት። መካከለኛው ንብርብር እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ቦታ ካለው ተወው። ያ ባዶ ቦታ ወለሉ ላይ ከዋለ አንድ ቀን ድንጋይ ሲነካው ይሰበራል።

ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሸጠው፣ ቡኒ ወይም ጥቁር ልባስ ያለው ፕላይውድስ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሚችል ነው፤ የድስቱን ፈተናም የሚያልፍ አለ። ግን ከባድ ነው፣ ውስጡ ክፍተት አያጣም፣ በቀጭኑም እምብዛም አይገኝም። ልባሱ ላይ ደግሞ ኢፖክሲ አይጣበቅም፤ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ድረስ መገፈፍ አለበት። ለኋላው ግድግዳና ለመቀመጫ ይሁንህ። ለወለልና ለጎን አልመክርህም።

አሁን ወደ 12 ሚሊው እንምጣ። ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ውፍረት ሲያይ ጥንካሬ ነው የሚታየው። የምታስባት ጀልባ ጥንካሬዋን የምታገኘው ግን ከቅርጿና ከማዕዘኖቿ ነው። 4 ሜትር ለምታህል ጀልባ ባለ 6 ሚሊ ጥሩ ፕላይውድ፣ ከውጭ ፋይበር ግላስ የለበሰ፣ በቂ ነው። ወለሉን 9 ሚሊ ብታደርገው አልቃወምህም። ክብደቱን አስላው። ባለ 6 ሚሊ ኦኩሜ ሙሉ ሉህ፣ 244 በ122 ሴንቲ ማለቴ ነው፣ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። ከባድ እንጨት የሆነ ባለ 12 ሚሊ ሉህ ከ20 ኪሎ ያልፋል። አራት ሉህ ስትሠራበት ልዩነቱ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ እንደመሄድና ባዶ እጅ እንደመሄድ ነው። ባለ 6 ሚሊዋን ሁለት ሰው አንስቶ ዳር ላይ ይገለብጣታል። ባለ 12 ሚሊዋን ሁለት ሰው በቀላሉ አያነሳትም። ስለዚህ ውኃው ላይ ታስራት ትውላለህ፣ ታሳድራለህ። ዝናብ ይሞላታል። ትበሰብሳለች። ለጥንካሬ ብለህ የጨመርከው ውፍረት ዕድሜዋን አሳጠረው ማለት ነው። ደግሞ 12 ሚሊ በቀላሉ አይታጠፍልህም፤ የፊቷን ጉብታ ለማምጣት ስትታገል ሉሁ ይሰነጠቅብሃል።

እጅህ ላይ ያለው የጠረጴዛ ኢፖክሲ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በወፍራሙ የሚፈሰው ዓይነት ሆን ተብሎ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ነው የተሠራው፤ አለዚያ በራሱ ሙቀት ይፈላ ነበር። በስሱ ስትቀባው ለቀናት ላይጠነክር ይችላል። ከጠነከረ በኋላም ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል። የወለል ኢፖክሲም ቀለምና ሙሌት ስለተቀላቀለበት ፋይበሩን በደንብ አያርስም። የምትፈልገው ለጀልባ ወይም ለፋይበር ሥራ የተዘጋጀ፣ ቀጠን ያለ፣ ምንም ያልተጨመረበት ኢፖክሲ ነው። ለ4 ሜትር ጀልባ ማጠንከሪያውን ጨምሮ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ያዝ።

ጓደኛህ የሚለው የቦዲ ፋይበር የሚሠራው ፖሊስተር በሚባል ሌላ ፈሳሽ ሙጫ ነው። በመርህ ደረጃ እብድ ሐሳብ አይደለም። በ1963 እንግሊዝ አገር ሚረር የምትባል ትንሽ ጀልባ ወጣች። ሰው በቤቱ ፕላይውድ ቆርጦ፣ በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ፣ መጋጠሚያውን በፋይበርና በፖሊስተር የሚዘጋባት ነበረች። ከ70 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ነገር ግን ፖሊስተር እንጨት ላይ የሚጣበቀው ላይ ላዩን ነው። እንጨት ያብጣል፣ ይጨማተራል። ፖሊስተር ደርቆ ግትር ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ይነሳል፤ ከሥሩ ውኃ ይገባል። የድሮ የፖሊስተር ጀልባ ሲጠገን ፋይበሩ እንደ ልጣጭ በእጅ ሲነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ኢፖክሲ ግን እንጨቱ ውስጥ ጥርሱን ነክሶ ይይዛል፤ ስትቀደው ከእንጨቱ ጋር ነው የሚነሳው። የዋጋውን ልዩነት የምትከፍለው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። ለቦዲ ጥገናና ለውኃ ታንከር የሚሸጠው ፋይበር በአብዛኛው ያልተሸመነ፣ እንደ ተበተነ ገለባ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው። ክሮቹን የያዛቸው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ማሟሟቻ ነው። ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም። ስለዚህ ኢፖክሲ ስታፈስበት አልለሰልስም ብሎ ይቆማል፤ ማዕዘን ላይ አይተኛም፣ ኢፖክሲህን ደግሞ ይጠጣዋል። አንተ የምትፈልገው እንደ ጨርቅ የተሸመነውን ነው፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም ገደማ። በትክክል ሲርስ ነጭነቱ ጠፍቶ የእንጨቱ መልክ ይታያል። ነጭ ነጥብ ካየህ እዚያ ኢፖክሲ አልደረሰም፤ ሳይደርቅ መልስበት።

አሠራሩን ሁሉ እዚህ ልዘረዝር አልችልም። ለአናጺ ዓይን አዲስ የሚሆኑትን ብቻ ልንገርህ።

ሉህ 2.44 ሜትር ነው፣ ጀልባህ 4 ሜትር። መቀጠል የግድ ነው። ሁለቱን ጫፎች በሰያፍ ልገህ ታደራርባቸዋለህ። የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን፤ ለ6 ሚሊ 48 ሚሊ ማለት ነው። ሉሆቹን እንደ ደረጃ ደራርበህ አንድ ላይ ላጋቸው። ፕላይውድ እዚህ ላይ ራሱ ይረዳሃል፤ የንብርብሮቹ መስመሮች ቀጥ ብለው ከታዩ መላጊያህ ትክክል ነው፣ ከተንጋደዱ አንተም ተንጋደሃል። ከዚያ ሁለቱንም ፊት መጀመሪያ በቀጭን ኢፖክሲ ቀባና እንጨቱ እንዲጠጣ ተወው። ቀጥሎ የወፈረውን አድርገህ ግጠም። እዚህ ላይ የኮላ ልማድህን ተው። ኮላ ሞርሳ ጠብቆ እንዲጨመቅ ይፈልጋል። ኢፖክሲ አይፈልግም። አጥብቀህ ካሰርከው ተጨምቆ ይወጣና መጋጠሚያው ደረቅ ይቀራል። እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ያዘው።

ጎንና ወለሉን የምታገናኘው በስፌት ነው። ከጠርዙ ገባ ብለህ በየ10 እስከ 15 ሴንቲው 2 ሚሊ ቀዳዳ ትበሳለህ፣ በሽቦ ትሰፋለህ፣ በፒንሳ ታጠብቃለህ። የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይሠራል፣ ግን በኋላ መውጣት አለበት፤ ውስጥ ከቀረ ዝጎ ውኃ ይጋብዛል። እምቢ ካለህ ጫፉን በመበየጃ አሙቀው፣ ኢፖክሲው ሲለሰልስ ይወጣል። የፕላስቲክ ማሰሪያ (ካብል ታይ) ብትጠቀምም ይሆናል። የተሰፋችው ጀልባ ጠመም ብላ እንዳይሆን ከፊትና ከኋላ ቆመህ በዓይንህ አስተያይ፤ በአግድም የተቀመጡ ሁለት ዘንጎች እኩል ከታዩ ልክ ነች። ኢፖክሲ ከደረቀ በኋላ ጠማማ ጀልባ የሚያቀና የለም።

የውስጥ ጥጉን በሊጥ ትሞላዋለህ። ሊጡ ኢፖክሲና ልም የእንጨት ዱቄት ነው። ሰጋቱራው ከመጋዝ የወጣው ሻካራው አይሁን፤ ከብርጭቆ ወረቀት የሚወጣውን በወንፊት ንፋው። የቤቱን ወንፊት ከሆነ ባለቤትህን አስፈቅድ፤ ከዚያ በኋላ ለዱቄት አይሆናትም። ሊጡ ማንኪያው ሲገለበጥ የማይወድቅ ይሁን። ጥጉ ላይ ካደረግከው በኋላ በማንኪያ ጀርባ ጎትተህ ጎድጎድ አድርገው፤ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሬዲየስ ይበቃል። ገና ሳይደርቅ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ስፋት ያለው የፋይበር ጥብጣብ በላዩ አስተኛበት። የጀልባዋ አጥንት ይሄ ነው። ስቱኮ ለዚህ ቦታ እንዳትሞክር። ስቱኮ ለመልክ ነው።

ኢፖክሲ እንደ ቀለም አይደርቅም፣ በኬሚካል ነው የሚጠነክረው። «ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ልጨምር» የሚል ሰው አታጣም። እሱ የፖሊስተር ልማድ ነው። ኢፖክሲ ላይ ትርፉ ማጠንከሪያ የሚጣበቅበት አጥቶ ይቀራል፤ ሥራህ ለዘለዓለም እንደ ለሰለሰ ከረሜላ ይሆናል። ጣሳው ላይ የተጻፈው መጠን በልኬት ነው ወይስ በክብደት? መጀመሪያ እሱን አንብብ። 2 ለ1 በልኬት ማለት 2 ለ1 በክብደት ማለት አይደለም። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ግዛ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አማስል፣ የዕቃውን ግድግዳና ታች እየፈገፈግህ። ደግሞ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ሩብ ሊትር በጥብጠህ ስልክ ለማንሳት እንዳትሄድ። ስትመለስ ኩባያው ይጨሳል። በጥብጠህ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጋው፣ ሙቀቱ ይበተናል።

በባህር ዳር አየር የመጀመሪያውን እጅ ጠዋት አትቀባ። እንጨቱ እየሞቀ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋና ኢፖክሲውን በአረፋ ይሞላዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀባ፤ እንጨቱ ወደ ውስጥ ይስበዋል። በነጋታው ስትነካው የሚያሟልጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ልታገኝ ትችላለህ። በብርጭቆ ወረቀት አትጀምረው፣ በቲነርም አትጥረገው። በውኃና በዕቃ ማጠቢያ እስፖንጅ እጠበው፤ ከዚያ ፈግፍግ። ያንን ያልታጠበ ፊት ላይ ቀለም የቀባ ሰው ቀለሙን ከዓመት በኋላ በጥፍሩ ያነሳዋል።

ስለ ጤና አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። ኢፖክሲ፣ ሙጫውም ማጠንከሪያውም፣ በቆዳ ንክኪ አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል። ዛሬ ምንም አላደረገኝም ማለት ነገ አያደርገኝም ማለት አይደለም። ድንገት አንድ ቀን እጅህ፣ ፊትህ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ጣሳው ሲከፈት እንኳ መቆም አትችልም። ሙያውን የተዉ ሰዎች አሉ። የናይትራይል ጓንት አድርግ። እጅህ ላይ ከነካህ በቲነር ወይም በአሴቶን እንዳትታጠብ፤ ቆዳህን ከፍቶ ያስገባዋል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ በሳሙና። ገና በደንብ ያልጠነከረ ኢፖክሲ ስትፈገፍግ ዱቄቱ ራሱ መርዝ ነው፤ ጥሩ ጭምብል ያስፈልጋል። ልጅ በሚተኛበት ቤት ውስጥ አይሠራም።

ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ መጀመሪያ ከሚያስፈልገው በላይ አስፍተህ ብሳው፣ በኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሃሉን በልኩ ብሳው። እንጨቱ ብሎኑን አያይም፣ ውኃም እንጨቱን አያይም። የፕላይውዱን የተቆረጠ ጠርዝ ደግሞ እስኪጠግብ ቀባው፤ ውኃ በጠርዝ በኩል እንደ ገለባ ነው የሚጠጣው። ለላይኛው ከንፈር፣ ማለትም ለጎኖቿ የላይኛው ጠርዝ፣ የፈረንጅ ጽድ ይበቃሃል። ዋንዛና ዝግባ ከየት እንደመጣ ካላወቅህ አትግዛ።

ቀለም ለውበት ብቻ አይደለም። ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም፤ የጣና ፀሐይ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚያርፍ ነው። ካልተቀባ ይቢጫል፣ ይነጣል፣ ይፈረፈራል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ምረጥ። ጥቁር ሰማያዊ ያምራል፤ ግን ቀትር ላይ ወለሉ እንደ ምጣድ ይግልና ከሥሩ ያለውን ኢፖክሲ ሊያለሰልሰው ይችላል።

ባለ 15 ፈረሱን ሞተር ለሌላ ሰው ተውለት። ሞተሩ ራሱ እንደ ዓይነቱ ከ35 እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ቀላል ጀልባ ጭራ ላይ ሲንጠለጠል አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ታነሳለች። እርግጥ ጣና ላይ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም። በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ባለ 15ቱ ወደ 12 ይወርዳል። ቢወርድም ለዚች ጀልባ ብዙ ነው። 4 ወይም 5 ፈረስ በቂ ነው። የኋላውን ግድግዳ ግን ሉሆችን አጣብቀህ ከ25 ሚሊ አታሳንሰው። የመጀመሪያውን ዓመት ደግሞ በመቅዘፊያ ብቻ ሂድ። ጀልባዋ የት እንደምትፈስ፣ የት እንደምትንገዳገድ የምታውቀው ያኔ ነው። እምቦጭ ባለበት ቦታ መቅዘፊያ ከሞተር ይሻላል፤ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም አይተህ ይሆናል።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። የድስቱን ፈተና ያለፈ ባለ 6 ሚሊ ፕላይውድ እስክታገኝ አትጀምር። ለ12 ሚሊው ያሰብከውን ብር እዚያ ላይ አውጣ። ካላገኘህ ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ «ለጊዜው በዚህ ልሥራና» ብለህ ውድ ኢፖክሲ የሚበሰብስ እንጨት ላይ አታፍስስ። ቅርጹን ከራስህ አትፍጠር። የተሞከረ ፕላን ያዝ፣ ጠፍጣፋ ወለል ያላት፣ ወለሏ ከ1.1 ሜትር የማያንስ፣ ጎኗ 40 ሴንቲና ከዚያ በላይ የሆነች። መጀመሪያ በካርቶን በአንድ አሥረኛ መጠን ሠርተህ እያት። ካርቶን ላይ ያልገጠመ ፕላይውድ ላይ አይገጥምም።

ዕድሜዋን ጠይቀሃል። እንዲህ ከተሠራች፣ ከውኃ ስትወጣ ከተገለበጠችና ጥላ ካገኘች፣ 15 እና 20 ዓመት ብዙ አይደለም። በቤት ዕቃ ፕላይውድ ከሠራሃት ሁለት ወይም ሦስት ክረምት። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከሐይቁ ሲመለሱ ታንኳቸውን ጎትተው ያወጡና ያደርቁታል። ያንተዋም ከዚያ የተለየ አትፈልግም።

ከመቀመጫዎቹ ሥር ዝግ ሣጥን ሥራ፣ በድምሩ 150 ሊትር ያህል አየር የሚይዝ። አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያንሳፍፋል። ግን ሣጥኑ የሚከፈት ክዳን ይኑረው፤ ጨርሶ የታሸገ ሣጥን እርጥበት አምቆ ከውስጥ ይበሰብሳል። ስትጨርስ ጀልባዋን ጉልበት በሚደርስ ውኃ ውስጥ አስገባትና በባልዲ እስከ አፏ ሙላት። ከዚያ አንተና ጓደኛህ ውስጧ ተቀመጡ። መስጠም ከጀመረች ሣጥኖቹ አይበቁም ወይም ያፈስሳሉ፤ አስተካክላቸው። ሞልታም ከተንሳፈፈች፣ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ፣ ሦስት የሕይወት ጃኬት ይዘህ ቤተሰብህን አሳፍር። የልጅህ ጃኬት በልኳ ይሁን። ጉማሬ ከሚያዘወትርበት ከዓባይ መውጫና ከደንገሉ ዳር ራቅ ብለህ ቅዘፍ።